ከብስኩት ቆርቆሮ የወጣ የቴምብር ታሪክ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የቁጠባና የብድር ክፍያ በምንሰበስብበት ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ አባላችን ከጋቢያቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው የሒሳብ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። ክፍያ ይዘው የመጡ መስሎን የደረሰኝ ጥራዛችንን ገለጥን። ቆርቆሮው ሲከፈት ግን ብር አልነበረበትም፤ በትንንሽ ላስቲክ እየተቋጠረ የተቀመጠ ቴምብር፣ ከሥሩ ደግሞ በክር የታሰሩ የቆዩ ፖስታዎች ናቸው። ሟች ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አንዳንዴ ለገሃር፣ አንዳንዴ እዚሁ አቃቂ ጣቢያ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ደግሞ ድሬዳዋ ሠርተዋል። ከአባታቸው የወረሱትንና ራሳቸው የሰበሰቡትን በዚህ ቆርቆሮ ትተውላቸው ነው ያረፉት።

እኚህ እናታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛት ከተዘዋዋሪ ገንዘባችን ከወሰዱት ብድር 6,400 ብር ይቀርባቸዋል። «አንድ ሰው እንዳለ በ4,000 ብር ልውሰደው ይለኛል። ልሽጥለት ወይስ ይቅር? እናንተ ልጆቼ ቁጥር ታውቃላችሁ» አሉን።

ቁጥር እናውቃለን። ቴምብር ግን ከዚያን ቀን በፊት ለእኛ ማለት ውል ሲፈጸም የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ ማለት ነበር። ዋጋውን ሳናውቅ «ይሽጡ» ማለት ከበደን፤ «አይሽጡ» ማለትም ብድራቸው እየተቆጠረ ቀላል አይደለም። ሁለት ወር እንዲታገሡን ጠየቅንና የአደራ ደረሰኝ ጻፍንላቸው፦ 612 ልቅ ቴምብርና ቴምብር የተለጠፈባቸው 14 ፖስታዎች። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ የተማርነው ነው። የኢትዮጵያ የሆነውን በዓ.ም.፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ቴምብር ወደ አገራችን መቼ ገባ የሚለውን ነው። በዓለም የመጀመሪያው የሚለጠፍ ቴምብር በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1840 ወጣ። የእኛው ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1886 ዓ.ም.፣ አድዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚሄደው በመልእክተኛ እግር ነበር፤ ወረቀቱን ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ዘንጉን ከፊቱ ይዞ የሚገሠግሥ ሰው ማለት ነው። ቴምብሮቹ ፓሪስ ነው የታተሙት። ቅርጹን የቀረጸው ኤዤን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ለራሷ ለፈረንሳይም ቴምብር የቀረጸ ሰው ነው። ጉዳዩን ለማስፈጸም ከደከሙት መካከል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ይገኝበታል።

ሰባት ዓይነት ነበሩ። ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድና ሁለት ገርሽ የሚያወጡት የአፄ ምኒልክን መልክ ይዘዋል፤ የ4፣ የ8ና የ16 ገርሾቹ ደግሞ የይሁዳ አንበሳን። ያን ጊዜ 16 ገርሽ አንድ ብር ስለነበር ትልቁ ቴምብር ልክ አንድ ብር ማለት ነው። ልማድ ሆኖብን ደመርነው፤ ሙሉው ስብስብ 31 ገርሽ ከሦስት ሩብ ይመጣል፣ ወይም ሁለት ብር ሊሞላ ሩብ ገርሽ ይቀረዋል። የሩብ ገርሿ አንዲት ቴምብር ብትጨመር ድፍን ሁለት ብር በሆነ ነበር። የሒሳብ ሰው ቢያማክሩ ኖሮ ሳንል አልቀረንም።

ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይነኩ ነው በአውሮፓ ሰብሳቢዎች እጅ የገቡት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በላያቸው ላይ ቃል እየታተመባቸው እንደገና ወጡ፤ በ1894 ዓ.ም. «ቦስታ» የሚል፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ «መልክት» የሚል በፊደላችን ተመታባቸው። «ቦስታ» የሚለውን ስናነብ ሳቅን፤ አያቶቻችን ፖስታን እንዲያ ነበር የሚሏት፣ አሁንም የሚሏት አሉ።

አንድ ነገር ግን አልገባንም ነበር። ቴምብሩ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፓሪስ የሚላክ ደብዳቤ ለምን የፈረንሳይ ቴምብር ጭምር ይለጠፍበታል? በዚያ ዘመን የተላኩ ፖስታዎች ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የምኒልክ ቴምብር እስከ ጠረፍ ያደርሰዋል፣ ከጅቡቲ ወዲያ የሚወስደው የፈረንሳዩ ነው። እንዲያውም ፈረንሳይ በአገራችን ውስጥ የራሷ ፖስታ ቤቶች ነበሯት። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ኢትዮጵያ ገና የማኅበሩ አባል አልነበረችም።

ማኅበር ያልነው የዓለም ፖስታ ኅብረትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ 22 አገሮች ተሰብስበው ፈረሙ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አገር ከእያንዳንዱ አገር ጋር ለብቻ ይዋዋል ነበር፤ አንድ ደብዳቤ ሦስት ድንበር ቢሻገር የሦስት አገር ሒሳብ ይወራረድበታል። በርን ላይ የተስማሙት ግን ዓለም ለደብዳቤ ሲባል እንደ አንድ ግዛት ይቆጠር፣ የላኪው አገር ቴምብር በተቀባዩም አገር ይከበር፣ እያንዳንዱ ፖስታ ቤት ከቴምብር ሽያጭ ያገኘውን ራሱ ይያዘው የሚል ነው። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ በሒሳብ ዓይን ስናየው ደነቀን። ምን ማለት ነው ቢሉ፣ ደብዳቤ የጻፈ መልስ ይጠብቃል፤ እኔ ያንተን ባደርስ አንተም የእኔን ታደርሳለህ፤ ስለዚህ አንቆጣጠር ነው ነገሩ። እንደ ዕቁብ በመተማመን የቆመ ነው። መተማመኑ ወደ 95 ዓመት ገደማ ቆየ። የሚላከውና የሚመጣው መመጣጠኑ እየቀረ፣ ብዙ የሚደርሳቸው አገሮች ብዙ እየደከሙ ሲሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ቶኪዮ ላይ የማድረሻ ክፍያ እንዲወራረድ ተወሰነ። ያው የቶኪዮ ጉባኤ ነው ጥቅምት 9 የዓለም የፖስታ ቀን እንዲሆን የወሰነው፤ በእኛ መስከረም 29 ላይ ይውላል፣ ኅብረቱ የተመሠረተበት ዕለት ነው።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ኅብረት የገባችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። የፈረንሳይ ፖስታ ቤቶችም በዚያው ተዘጉ። በዚያው ዓመት የሰሎሞን ዙፋንና የአፄ ምኒልክ ምስል ያለባቸው አዳዲስ ቴምብሮች ወጡ፤ እነዚህ ድንበር ሲሻገሩ ሌላ ረዳት አያስፈልጋቸውም። በቀኝ ግዛት ካልተያዙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ የራሷን ቴምብር ለጥፋ ደብዳቤዋ የትም ደረሰ ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። ባንዲራ በሰልፍ ቀን ይውለበለባል፤ ቴምብር ግን በማያውቁን ሰዎች ቤት በር ሥር ሾልኮ ይገባል።

ይህ ለምን እንደሚያም የታወቀው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ እንደገባ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል ከቪቶሪዮ ኢማኑኤል ምስል ጋር ያተመ ቴምብር አወጣ። ከቆርቆሮው ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ አግኝተናል። እናታችን ሲያዩዋቸው «ይሄንንስ ምን ብሎ አስቀመጠው!» ብለው ወዲያ ገፉት፤ ቆጥረን መዝግበነዋልና መልሰን ቋጠሮው ውስጥ ከተትነው።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንለፍ፤ ምክንያቱም የእናታችን ጥያቄ ዋጋ ነውና፣ የቴምብር ዋጋ የሚወሰነው በሰብሳቢዎች ዓለም ነው።

ቴምብር ከወጣ 30 ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ለንደን ውስጥ የሰብሳቢዎች ማኅበር ተመሠረተ፤ በኋላ «ንጉሣዊ» የሚል ማዕረግ ያገኘው ነው። እየቆየ በየአገሩ ብሔራዊ ማኅበራት ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ የሰባት አገሮች ማኅበራት ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ዓለም አቀፉን የፊላቴሊ ፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ዙሪክ ነው። ፊላቴሊ የሚሉት ቴምብር መሰብሰብንና ታሪኩን ማጥናትን ነው። ፌዴሬሽኑ ሰብሳቢን አንድ በአንድ አይመዘግብም፤ አባላቱ ማኅበራት ናቸው። እኛ የሴቶች ማኅበራት በኅብረት እንደምንታቀፈው ማለት ነው። ዋናው ሥራው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖችን በደጋፊነቱ ሥር አድርጎ የዳኝነት ደንብ ማውጣት፣ ሐሰተኛ ቴምብርን መዋጋት፣ ወጣቶች እንዲሰበስቡ ማበረታታት ነው። ነጋዴዎቹም እ.ኤ.አ. በ1950 የራሳቸውን ፌዴሬሽን አቋቁመዋል፤ ስለ ቴምብር የሚጽፉት በ1962 የራሳቸውን። ሁሉም ከፖስታ ኅብረቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት የዓለም የፊላቴሊ ልማት ማኅበር ደግሞ በ1997 ተቋቋመ።

የዚህ ሁሉ ማኅበር ጥቅሙ ምንድን ነው ብለን ተከራከርን። ከመካከላችን «ወረቀት ለሚሰበስብ ሰው ይህን ያህል ጽሕፈት ቤት!» ያለች አልጠፋችም። መልሱን ያገኘነው ከዚያው ከቆርቆሮው ነው። በእኛ ልጅነት ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ አንዳንድ አታሚዎች የአንድን ድሀ አገር ስም አንሥተው፣ አገሩ ሳያውቅ፣ የእግር ኳስ ተጫዋችና የፊልም ተዋናይ ያለበት ቴምብር እያተሙ ለሰብሳቢ ይሸጣሉ። አገሩ ሳንቲም አያገኝም፤ ቴምብሩ አንድም ደብዳቤ አያደርስም። ሰብሳቢውም ተታሎ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ከጥር 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖስታ ኅብረቱ ከልማት ማኅበሩ ጋር ሆኖ እያንዳንዱ አባል አገር በእርግጥ ያወጣውን ቴምብር በቁጥር እየመዘገበ ያስቀምጣል። ቁጥር ያለው ያገሩ ነው፤ የሌለው ግን ይጠረጠራል። ይህ በእኛ ቋንቋ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ደረሰኝ ይዛችሁ ስትመጡ ለምን እንደምንመልሳችሁ ለሚገርማችሁ አባላት፣ የዓለም ፖስታ ቤቶችም እንደ እኛው ናቸው።

ሰብሳቢ ማኅበራቱ በታሪካቸው ለሴት ብዙ ቦታ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ታላላቅ የፊላቴሊ ሰዎች የሚፈርሙበት የክብር መዝገብ አለ። የመጀመሪያዋ ሴት፣ አሜሪካዊቷ ሉዊዝ ቦይድ ዴል፣ የፈረመችው በ1956 ነው። 35 ዓመት! በቴምብሩ ላይ ግን ሴት ቀድማ ታይታለች፣ በተለይ በእኛ አገር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1911 ዓ.ም. በወጡት፣ ቀጭኔና ዝሆን፣ ሰጎንና አውራሪስ ባሉባቸው ያማሩ ቴምብሮች መካከል አሉ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ከራስ ተፈሪ ጋር እየተፈራረቁ ወጥተዋል። በ1923 ዓ.ም. እቴጌ መነን ወጡ፤ በዚያው ስብስብ የአዋሽ ወንዝ የባቡር ድልድይ አለ፣ የእናታችን ባለቤት ስንት ጊዜ የተሻገሩበት።

እኛን ያስደሰተን ግን በ1956 ዓ.ም. የወጣው ነው። ነገሥታቱን ሁሉ ወደ ጎን ብለው እቴጌዎችን ብቻ ያወጡበት ስብስብ ነው፤ ንግሥተ ሳባ፣ እቴጌ እሌኒ፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ እቴጌ ጣይቱ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ከሚማሩት ስለ ጣይቱ ያውቃሉ፤ ስለ እሌኒ ብንጠይቃቸው ግን ዝም ነው ያሉት። በንጉሥ ልብነ ድንግል ዘመን አገር ያስተዳደሩ፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላኩ ሴት ናቸው። አምስቱም ከቆርቆሮው ወጡ፤ ሁለቱ ጥርሳቸው የተቀደደ ቢሆንም።

ይህን ሁሉ ይዘን አምስት ሆነን ወደ ከተማ ወጣን። ከቃሊቲ በሚኒባስ ለገሃር፣ ከዚያ የቸርችልን ዳገት በእግር ወደ ዋናው ፖስታ ቤት። እዚያው ግቢ ያለው የፖስታ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ አንዳችንም ከዚያ በፊት አላየነውም፤ በደጁ ግን ስንት ጊዜ አልፈናል። የምኒልክን ሰባት ቴምብሮች በመስታወት ውስጥ ስናይ ትንንሽነታቸው ገረመን። እናታችን ከሁላችን ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆሙት አውራሪሱ ዘንድ ነበር።

ሐዘናችንን የምንነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። ከሙዚየሙ በፊት ባለው ሳምንት፣ እኛ የሒሳብ ክፍሎቹ፣ ንብረቱን «ለማስተካከል» ብለን ከ14ቱ ፖስታዎች ዘጠኙን ለብ ባለ ውኃ ነክረን ቴምብሩን አላቅቀን ነበር። ለመቁጠር እንዲያመች፣ በየዓመቱ ለመደርደር እንዲያምር። ፖስታዎቹን ጣልናቸው። ከሙዚየሙ መልስ ስለ ሰብሳቢዎች የበለጠ ስናነብ ነው የገባን። ብዙ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ልቅ ቴምብሩን ሳይሆን ሙሉውን ፖስታ ነው፤ ማኅተሙን፣ ቀኑን፣ የመንገዱን ታሪክ፣ የተቀባዩን አድራሻ። ቴምብሩ በመቶ ሺህ ታትሟል፤ ያ ደብዳቤ ግን አንድ ነው። በአሜሪካ የተመሠረተና ስለ አገራችን ቴምብር ብቻ «የምኒልክ ጆርናል» የሚል መጽሔት በእንግሊዝኛ የሚያወጣ የኢትዮጵያ ፊላቴሊ ማኅበር አለ፤ እዚያ የሚጽፉት ሰዎች ስለ አንድ የፖስታ ማኅተም ገጾች ይጽፋሉ። እኛ ዘጠኝ ማኅተም በውኃ አጠብን።

ለእናታችን ሳንደብቅ ነገርናቸው። ትንሽ ዝም ብለው «የማን ደብዳቤ ነበር?» አሉ። ሰባቱ የቢሮ ነበሩ። ሁለቱ ግን የባለቤታቸው ነበሩ፤ ከድሬዳዋ ወደ አቃቂ ለእሳቸው የተላኩ። ደብዳቤዎቹ አሉ፤ የጠፉት ፖስታዎቹ ናቸው። «ጽሑፉ ካለ ይሁን» አሉን። እኛ ግን በጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ላይ በአደራ ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት ብለን አስገብተነዋል፤ የኦዲት ኮሚቴውም ጠይቆናል፤ ልክ ነው መጠየቁ።

ውጤቱን ባጭሩ እንንገራችሁ። ከ612ቱ አብዛኛው በየፖስታ ቤቱ በብዛት የተሸጠ የደርግ ዘመንና የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ቴምብር ስለሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። የምኒልክ ዘመን የሚመስሉ ሦስት አሉ፤ እውነተኛ ይሁኑ ሐሰተኛ የሚመሰክር ሰው ስለሚያስፈልግ እስከዚያ አንሸጣቸውም። በ4,000 ብር ሙሉውን ሊወስድ የነበረው ሰው፣ ልቅ የሆኑትን ብቻ፣ እቴጌዎቹንና ሦስቱን ሳይጨምር፣ በ3,500 ብር ወሰደ። ይህ በቀጥታ ለብድሩ ገቢ ሆኗል፤ የቀረባቸው 2,900 ብር በስድስት ወር እንዲከፈል ተስማምተናል። እኛም ስላጠፋነው ጥፋት የአገልግሎት ክፍያውን ማኅበሩ እንዲተውላቸው ኮሚቴው ወስኗል።

የዓለም ፖስታ ኅብረት ልዩ ጉባኤውን ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አድርጎ ነበር። የዓለም ፖስታ ቤቶች ኃላፊዎች እዚህ ድረስ ሲመጡ እኛ ቃሊቲ ሆነን አልሰማንም፤ ሰምተንም ቢሆን ጉዳያችን አይመስለንም ነበር።

አምስቱ ፖስታዎች አሁን በጽሕፈት ቤታችን የብረት ሣጥን ውስጥ ናቸው። አንዱ የድሬዳዋ ማኅተም ያለበት፣ የንግሥተ ሳባ ቴምብር የተለጠፈበት፣ በጥቁር ቀለም «አቃቂ፣ ጣቢያው አጠገብ» የሚል ነው፤ እናታችን ይህን በምንም ዋጋ አይሸጡም፣ ቤታቸው ግን ጣሪያው ስለሚያፈስ እኛ ዘንድ ይቀመጥ ብለዋል። በአደራ መዝገባችን «ዋጋው ያልተተመነ» ብለን ጽፈናል። በውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችን፣ በቤታችሁም የድሮ ደብዳቤ ያላችሁ አባላት፣ ለልጆቻችን ማሳያ የሚሆን ስብስብ ጀምረናልና ብትለግሱን እንቀበላለን። ቴምብሩን አትላጡት፣ ውኃም አታስነኩት፤ ከነፖስታው ቅዳሜ ጠዋት አምጡልን፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ እንሰጣችኋለን።